በሥራ ውልና በማስታወቂያ ላይ የሚገኙ የእንግሊዝኛ የጊዜ ሐረጎች፦ «ባይ»፣ «አንቲል» እና «ዊዝኢን» ምን ያስገድዳሉ?

ከቢሾፍቱ ተነሥቶ በሞጆና በአዳማ፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ በመቂ፣ በባቱና በአርሲ ነገሌ አድርጎ እስከ ሻሸመኔ በሚዘልቀው መስመር የሚኖሩ በርካታ ዜጎች በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰነድ በየጊዜው ያጋጥማቸዋል። በአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚቀጠር ሠራተኛ የሥራ ውሉን፣ በባቱ አካባቢ በአበባ እርሻ የሚሠራ ሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን፣ በሞጆ ደረቅ ወደብ ዕቃ የሚያስለቅቅ ነጋዴ የመጋዘን ማስታወቂያውን፣ ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ለሥራ የሚሄዱ ዜጎች ደግሞ ቪዛቸውንና የውጭ አገር የሥራ ስምሪት ውላቸውን በዚሁ ቋንቋ ሊቀበሉ ይችላሉ።

በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚያስከትሉት ረጃጅሞቹና ከባድ የሚመስሉት ቃላት አይደሉም። ሰው ለማያውቀው ቃል መዝገበ ቃላት ይገልጣል ወይም የሚያውቅ ይጠይቃል። ትናንሾቹን መስተዋድዶች ግን «አውቃቸዋለሁ» ብሎ ያልፋቸዋል። ነገር ግን አንድ ማመልከቻ በጊዜው ገብቷል ወይስ ዘግይቷል፣ አንድ ሠራተኛ ሥራውን በአግባቡ ለቋል ወይስ ጥሎ ሄዷል፣ አንድ ቪዛ ያገለግላል ወይስ ተቃጥሏል የሚለውን የሚወስነው ከቀኑ ፊት የተቀመጠው ይኸው ትንሽ ቃል ነው።

ይህ ጽሑፍ ከቀንና ከጊዜ ጋር የሚመጡትን ዋና ዋና የእንግሊዝኛ መስተዋድዳዊ ሐረጎች በአማርኛ ያብራራል። በሥራ ሕጋችን ውስጥ ያሉትን የጊዜ ገደቦችም አያይዞ ያሳያል። በጽሑፉ የተጠቀሱት የሰነድ አረፍተ ነገሮች ለማስረጃነት የተዘጋጁ ምሳሌዎች ናቸው።

1. ችግሩ ከየት ይመጣል?

በአማርኛ «እስከ ዓርብ» ስንል ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮችን ማለታችን ሊሆን ይችላል። «ማመልከቻህን እስከ ዓርብ አስገባ» በሚለው አረፍተ ነገር ሰውየው ሰኞም፣ ማክሰኞም፣ ረቡዕም ቢያስገባ ግዴታውን ተወጥቷል፤ ዓርብ የመጨረሻው ወሰን ብቻ ነው። «እስከ ዓርብ እዚህ ቆይ» በሚለው ግን ሰውየው ማክሰኞ ቢሄድ ግዴታውን አልተወጣም፤ ዓርብ እስኪደርስ ሳያቋርጥ መቆየት አለበት። አማርኛ ሁለቱንም በአንድ «እስከ» ይገልጻል፤ ልዩነቱን የምንረዳው ከግሡ ነው። በአፋን ኦሮሞም «ሀንጋ» የሚለው ቃል ተመሳሳይ አገልግሎት ስለሚሰጥ ሁለቱንም ቋንቋዎች የሚናገር የአዳማ ነዋሪ በየትኛውም ቋንቋ ቢያስብ ልዩነቱ በቃል ተለይቶ አይታየውም።

እንግሊዝኛ ግን ለእነዚህ ለሁለቱ ሁለት የተለያዩ ቃላት አሉት። ለመጀመሪያው «ባይ»፣ ለሁለተኛው «አንቲል» ይባላል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ የተጻፈን ሰነድ ወደ አማርኛ ስንመልስ ሁለቱንም «እስከ» ብንላቸው በእንግሊዝኛው ግልጽ የነበረው ልዩነት ይጠፋል። በተቃራኒው በአማርኛ አስበን በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስንጽፍ ሁለቱን ብናምታታ ያላሰብነውን ግዴታ በራሳችን ላይ እንጽፋለን።

2. «ባይ»፦ ከተባለው ቀን ሳያልፍ

«ባይ» ከቀን ወይም ከሰዓት በፊት ሲመጣ አንድ ድርጊት ተፈጽሞ ማለቅ ያለበትን የመጨረሻ ጊዜ ያመለክታል። ድርጊቱ አንድ ጊዜ ተደርጎ የሚያበቃ ነው፤ ለምሳሌ ማስገባት፣ መክፈል፣ መፈረም፣ ማስረከብ፣ ሪፖርት ማድረግ። «አፕሊኬሽንስ መስት ቢ ሰብሚትድ ባይ ሜይ 30» የሚል የሥራ ማስታወቂያ «ማመልከቻዎች ከሜይ 30 ሳያልፉ መግባት አለባቸው» ማለት ነው። ሜይ 20 ማስገባትም ሜይ 29 ማስገባትም ይቻላል። ሜይ 31 ግን ዘግይቷል።

ተመሳሳይ ትርጉም ያላቸው ሌሎች ሐረጎችም አሉ። «ኦን ኦር ቢፎር» ማለት «በዚያው ቀን ወይም ከዚያ በፊት» ማለት ነው። «ኖት ሌተር ዛን» ማለት «ከዚያ ቀን ሳይዘገይ» ማለት ነው። ሁለቱም የተጠቀሰውን ቀን ጨምረው ስለሚቆጥሩ ከ«ባይ» ይልቅ ግልጽ ናቸው። «ቢፎር» ብቻውን ሲመጣ ግን ጥንቃቄ ይሻል። «ቢፎር ሜይ 30» የሚለው ቃል በቃል ሲወሰድ «ከሜይ 30 በፊት» ስለሆነ የመጨረሻው ቀን ሜይ 29 ነው። አንድ ቀን ብቻ ልዩነት ቢኖረውም፣ ያች አንድ ቀን የዘገየ ማመልከቻ ሆና ልትቆጠር ትችላለች።

3. «አንቲል»፦ ያ ቀን እስኪደርስ ሳያቋርጥ

«አንቲል» ወይም በአጭሩ «ቲል» የሚቀጥል ሁኔታን ያመለክታል። ሁኔታው እስከ ተጠቀሰው ጊዜ ሳይቋረጥ ይዘልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያበቃል። መሥራት፣ መቆየት፣ መጽናት፣ ክፍት መሆን፣ መጠበቅ የመሳሰሉት ግሦች ከዚህ ቃል ጋር ይሄዳሉ። «ዚስ ኮንትራክት ኢዝ ቫሊድ አንቲል...» ሲል «ይህ ውል እስከዚህ ቀን የጸና ነው» ማለት ነው። «ኦፊስ ኢዝ ኦፕን አንቲል...» ሲል ደግሞ «ቢሮው እስከዚህ ሰዓት ክፍት ነው» ማለት ነው።

የሁለቱ ልዩነት ዋጋ የሚያስከፍለው በሥራ መልቀቂያ ጊዜ ነው። አንዲት ሠራተኛ ከአሠሪዋ «ዩ ሹድ ሃንድ ኦቨር ባይ ሜይ 30» የሚል ደብዳቤ ደረሳት እንበል። ይህ «በእጅሽ ያለውን ንብረት ከሜይ 30 ሳያልፍ አስረክቢ» ማለት ነው፤ ሜይ 22 ብታስረክብ ችግር የለውም። ደብዳቤው «ዩ ሹድ ዎርክ አንቲል ሜይ 30» ቢል ግን «እስከ ሜይ 30 በሥራ ላይ ቆዪ» ማለት ነው፤ ሜይ 22 ሥራ ብታቆም ያለፈቃድ እንደቀረች ልትቆጠር ትችላለች። ሁለቱም በአማርኛ «እስከ ሜይ 30» ተብለው ቢነበቡላት ልዩነቱን የምታውቀው ደመወዟ ሲቆረጥ ነው።

«አንቲል» ከአፍራሽ ግሥ ጋር ሲመጣ ትርጉሙ ይዞራል። «ዘ ፓስፖርት ዊል ኖት ቢ ሪተርንድ አንቲል ዘ ፊ ኢዝ ፔይድ» የሚለው «ክፍያው እስኪከፈል ድረስ ፓስፖርቱ አይመለስም» ማለት ነው። በአማርኛ የበለጠ የሚቀናው «ክፍያው ሳይፈጸም ፓስፖርቱ አይመለስም» የሚለው ነው። እዚህ ላይ «አንቲል» የሚያመለክተው ቀንን ሳይሆን ቅድመ ሁኔታን ነው፤ ስለዚህ እንዲህ ያለ አረፍተ ነገር ሲያጋጥም መጠየቅ ያለበት «መቼ?» ብቻ ሳይሆን «ምን ሲደረግ?» ተብሎ ነው።

«አንቲል ሜይ 30» ሲባል ሜይ 30 ራሷ ትቆጠራለች ወይስ አትቆጠርም የሚለው ብዙ ጊዜ ያከራክራል። በተለመደው አነጋገር ትቆጠራለች። በጥንቃቄ የተዘጋጀ ውል ግን ጥርጣሬውን ለማስቀረት «አፕ ቱ ኤንድ ኢንክሉዲንግ» የሚል ሐረግ ይጨምራል፤ ትርጉሙም «ያንኑ ቀን ጨምሮ» ነው። ይህ ሐረግ በሌለበት ውል የመጨረሻው ቀን ይቆጠር እንደሆነ ከመፈረም በፊት መጠየቅና መልሱን በጽሑፍ ማስፈር ተገቢ ነው።

ሁለቱን ለመለየት ቀላል መመዘኛ አለ። በ«እስከ» ፋንታ «ከዚያ ቀን ሳያልፍ» የሚለውን አስገብታችሁ አረፍተ ነገሩ ከሰመረ ቃሉ «ባይ» ነው። «ያ ቀን እስኪደርስ ሳያቋርጥ» የሚለው ከሰመረ ቃሉ «አንቲል» ነው።

4. «ዊዝኢን» እና «ኢን»፦ በውስጡ ወይስ ከዚያ በኋላ?

«ዊዝኢን 15 ደይስ» ማለት «በ15 ቀን ውስጥ» ማለት ነው። ድርጊቱ በመጀመሪያው ቀንም ሆነ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሊፈጸም ይችላል። በትርጉሙ ለ«ባይ» ይቀርባል፤ ልዩነቱ «ባይ» የመጨረሻውን ቀን በስሙ ሲጠራ «ዊዝኢን» ግን ቀኑን ለእኛ ቆጠራ መተዉ ነው።

«ኢን» ግን አሳሳች ነው። በአማርኛ «ውጤቱ በሁለት ሳምንት ይገለጻል» ሲባል ብዙ ሰው «ሁለት ሳምንት ሳይሞላ» ብሎ ይረዳል። በእንግሊዝኛ «ኢን ቱ ዊክስ» ሲባል ግን በተለመደው አነጋገር «ሁለት ሳምንት ሲሞላ»፣ ማለትም «ከሁለት ሳምንት በኋላ» ማለት ነው። ስለዚህ «ካም ባክ ኢን ቱ ዊክስ» የተባለ ባለጉዳይ በአራተኛው ቀን ከሻሸመኔ ተነሥቶ አዳማ ቢመጣ የትራንስፖርት ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። «ዊዝኢን ቱ ዊክስ» የተባለ ባለጉዳይ ደግሞ ሁለት ሳምንት አስሞልቶ በማግሥቱ ቢመጣ ጊዜው አልፎበታል።

በ«ዊዝኢን» ሐረግ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት ጥያቄዎችን መመለስ ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ዓይነት ቀን?» የሚል ነው። «ደይስ» ወይም «ካሌንደር ደይስ» ከተባለ እሑድም በዓልም ይቆጠራል። «ዎርኪንግ ደይስ» ከተባለ የሥራ ቀን ብቻ ይቆጠራል። ለምሳሌ አንድ ሠራተኛ ሰኞ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደብዳቤ ተቀብሎ በ10 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ተጠየቀ እንበል። ቀኑ የካሌንደር ቀን ከሆነ ጊዜው ሐሙስ ግንቦት 14 ያበቃል። በሳምንት ስድስት ቀን በሚሠራ ድርጅት የሥራ ቀን ከሆነ ዓርብ ግንቦት 15 ያበቃል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ብቻ በሚሠራ ድርጅት የሥራ ቀን ከሆነ ደግሞ ሰኞ ግንቦት 18 ያበቃል። አንድ ቃል አራት ቀን ያህል ያንቀሳቅሳል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ከመቼ ጀምሮ?» የሚል ነው። ይህ የሚቀጥለው ክፍል ጉዳይ ነው።

5. የመነሻውን ቀን የሚወስኑ ሐረጎች

«ፍሮም ዘ ዴት ኦፍ» የሚለው ሐረግ «ከ... ቀን ጀምሮ» ማለት ነው። ከእርሱ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። «ኢሹ» ከሆነ ሰነዱ ከተሰጠበት፣ «ሪሲት» ከሆነ እጃችሁ ከደረሰበት፣ «ሲግኒንግ» ከሆነ ከተፈረመበት፣ «አራይቫል» ከሆነ ከደረሳችሁበት ቀን ይቆጠራል።

ይህ ልዩነት ወደ ውጭ አገር ለሥራ በሚሄዱ ዜጎች ላይ በግልጽ ይታያል። ውሉ «ፎር ቱ ይርስ ፍሮም ዘ ዴት ኦፍ አራይቫል» የሚል ከሆነ ሁለቱ ዓመታት የሚጀምሩት ሠራተኛዋ በአገሩ ከደረሰችበት ቀን ነው። «ፍሮም ዘ ዴት ኦፍ ሲግኒንግ» የሚል ከሆነ ግን ጉዞው እስኪሳካ አገር ውስጥ የቆየችባቸው ሳምንታትና ወራት ከሁለቱ ዓመታት ላይ ይቀነሳሉ። የመመለሻ ትኬት፣ የዕረፍት ጊዜና የውል መጨረሻ ክፍያ የሚሰሉት በዚህ ቀን ላይ ተመሥርተው ሊሆን ስለሚችል ነገሩ የቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በቪዛ ላይም ሁለት የተለያዩ ጊዜያት ጎን ለጎን ሊጻፉ ይችላሉ። ለምሳሌ አንዱ መስመር «ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በ90 ቀን ውስጥ ጥቅም ላይ ይዋል» ሲል ሌላው መስመር «ከመግቢያ ቀን ጀምሮ ለ30 ቀን» ሊል ይችላል። የመጀመሪያው ወደ አገሩ መግባት የሚቻልበት ወሰን ነው፤ የሚገዛው ሐረግ «ዊዝኢን» ነው። ሁለተኛው ከገቡ በኋላ የሚቆዩበት ርዝመት ነው፤ የሚገዛው ሐረግ «ፎር» ነው። ሁለቱን በመደመር «120 ቀን አለኝ» ብሎ ማሰብ ከፍተኛ ስሕተት ነው።

«ዊዝ ኢፌክት ፍሮም» እና «አዝ ኦፍ» የሚሉት ሐረጎች አንድ ውሳኔ ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን ያመለክታሉ። «ዊዝ ኢፌክት ፍሮም ጁላይ 1, 2025» የሚል የደመወዝ ጭማሪ ደብዳቤ ጭማሪው ከሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ እንደሚታሰብ ይገልጻል። ደብዳቤው የተጻፈበት ቀን ከዚያ ቢቀድምም ቢዘገይም መነሻው የተጠቀሰው ቀን ነው።

«አፖን» ማለት «ሲሆን» ወይም «እንደሆነ ወዲያውኑ» ማለት ነው። «ፔይመንት አፖን ዴሊቨሪ» «ክፍያ ዕቃው ሲረከብ» ማለት ነው። «ፕራየር ቱ» ደግሞ «ከ... አስቀድሞ» ማለት ነው። «አት ሊስት 30 ደይስ ፕራየር ቱ» ሲባል «ቢያንስ 30 ቀን አስቀድሞ» ማለት ስለሆነ 25 ቀን ቀርቶት ያሳወቀ ሰው ግዴታውን አላሟላም። እዚህ ላይ መቸኮል እንጂ መዘግየት አይጠቅምም።

6. ቀኑና ሰዓቱ ራሱ

መስተዋድዱ በትክክል ቢገባንም ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን ቀን በሌላ አቆጣጠር ካነበብነው ድካማችን ከንቱ ይሆናል። በእንግሊዝኛ ሰነድ ላይ ያለው ቀን በአብዛኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ይህ አቆጣጠር ከእኛ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ «ባይ ሜይ 30, 2025» ማለት ከዓርብ ግንቦት 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ሳያልፍ ማለት ነው።

ቀን በቁጥር ብቻ ሲጻፍ ሌላ አደጋ አለ። «05/06/2025» የሚለው በብሪታንያ ልማድ ጁን 5፣ በአሜሪካ ልማድ ሜይ 6 ነው። በእኛ አቆጣጠር የመጀመሪያው ግንቦት 28፣ ሁለተኛው ሚያዝያ 28 ቀን 2017 ዓ.ም. ይሆናል። ልዩነቱ ሙሉ አንድ ወር ነው። ወሩ በፊደል እንዲጻፍ መጠየቅ መብታችሁ ነው።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። በእንግሊዝኛ ሰነድ «ባይ 9:00» ጠዋት ከተባለ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሳያልፍ ማለት ነው። ቁጥሩን እንዳለ ወስዶ በ9 ሰዓት ከቀትር በኋላ የሚደርስ ሰው ስድስት ሰዓት ዘግይቷል። «ባይ 5:00» ከቀትር በኋላ ከተባለ 11 ሰዓት ማለት ነው። በኢንተርኔት በሚሞሉ ማመልከቻዎች ላይ የሚታየው «23:59» በእኛ ከሌሊቱ 5 ሰዓት ከ59 ደቂቃ ነው።

በእንግሊዝኛው አቆጣጠር ቀኑ የሚለወጠው በእኩለ ሌሊት መሆኑንም ማስታወስ ይገባል። «ፍራይደይ 12:00» ከእኩለ ሌሊት ጋር ከተጻፈ ዓርብ የምትጀምርበት እኩለ ሌሊት፣ በእኛ አነጋገር ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሊሆን ይችላል። «ዓርብ ቀኑን ሙሉ ጊዜ አለኝ» ብሎ የተቀመጠ ሰው ዓርብ ጠዋት ሲነሣ ጊዜው አልፏል። በስልክ ወይም በቪዲዮ የሥራ ቃለ መጠይቅ የሚጠብቁ ዜጎችም ሰዓቱ የየትኛው አገር እንደሆነ መጠየቅ አለባቸው፤ የሳዑዲ ዓረቢያ ሰዓት ከእኛ ጋር እኩል ሲሆን የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ሰዓት በአንድ ሰዓት ይቀድማል።

7. በሥራ ሕጋችን ውስጥ ያሉ የጊዜ ሐረጎች

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በግል ድርጅቶች ውስጥ ያለውን የሥራ ግንኙነት ይገዛል። በአዋጁ ውስጥ ያሉት የጊዜ ገደቦች ከላይ ካየናቸው ሐረጎች ጋር የተሳሰሩ ናቸው።

በ«ሳይበልጥ» የተወሰነ፦ የሙከራ ጊዜ ሠራተኛው ሥራ ከጀመረበት ቀን አንሥቶ ከ60 የሥራ ቀናት መብለጥ አይችልም። ይህ ሁለት ወር ማለት አይደለም። በሳምንት ስድስት ቀን የሚሠራ ሰው 60 የሥራ ቀናት የሚሞሉት በዓላት ሳይታሰቡ በአሥር ሳምንት ነው።

በ«ውስጥ» የተወሰነ፦ የሥራ ውሉ በጽሑፍ ያልተደረገ እንደሆነ አሠሪው ውሉ ከተደረገበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀናት ውስጥ የውሉን ዝርዝር የያዘ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት።

በ«አስቀድሞ» የተወሰነ፦ ሥራውን በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ለአሠሪው መስጠት ይኖርበታል። የማስጠንቀቂያው ጊዜ የሚቆጠረው ማስጠንቀቂያው ከተሰጠበት ቀን ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ጀምሮ ነው። ሰኞ ሰኔ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ማስጠንቀቂያ የሰጠ ሠራተኛ ቆጠራውን ማክሰኞ ሰኔ 3 ጀምሮ ሐምሌ 2 ይጨርሳል። በዚህ መካከል በሥራ ላይ ይቆያል፤ ግዴታው የ«አንቲል» እንጂ የ«ባይ» አይደለም።

አሠሪው ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበት ጊዜ ደግሞ እንደ አገልግሎቱ ርዝመት ይለያያል። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛ አንድ ወር፣ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፣ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሦስት ወር ነው።

ከሁሉ የሚያስጠነቅቀው የይርጋ ጊዜ ነው። ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ለመመለስ የሚፈልግ ከሆነ ክሱን ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ማቅረብ አለበት። ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የመሳሰለ ክፍያ የሚጠይቅ ሰው ክፍያው መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ መጠየቅ አለበት። ቆጠራው የሚጀምረው መብቱን መጠቀም ከሚቻልበት ቀን ቀጥሎ ካለው ቀን ነው፤ የመጨረሻው ቀን የሥራ ቀን ካልሆነ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይተላለፋል።

እነዚህ ገደቦች «ዊዝኢን» ናቸው፤ «ኢን» አይደሉም። «ሦስት ወር ይሙላና እከሳለሁ» ብሎ የሚጠብቅ፣ ወይም አሠሪው «ነገ እንነጋገራለን» እያለ ሲያጓትተው ዝም የሚል ሰው በእውነት መብት እያለው መብቱን በጊዜ ማለፍ ሊያጣ ይችላል።

8. ከመፈረም በፊት ምን ማድረግ ይገባል?

አንደኛ፣ በሰነዱ ላይ ያሉትን ቀኖች ሁሉ በእርሳስ አስምሩ፤ ከእያንዳንዱ ቀን ፊት ያለውን ቃልም ክበቡት። «ባይ» ነው? «አንቲል» ነው? «ዊዝኢን» ነው? «ፍሮም» ነው?

ሁለተኛ፣ እያንዳንዱን ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ቀይራችሁ በራሳችሁ ማስታወሻ ላይ ጻፉ። የሥራ ቀን ወይም የካሌንደር ቀን መሆኑንም አክሉ።

ሦስተኛ፣ የሚተረጉምላችሁን ሰው «እስከ» ብሎ እንዳያልፍ ጠይቁ። «ከዚያ ቀን ሳያልፍ ነው ወይስ ያ ቀን እስኪደርስ?» ብላችሁ አስረዱኝ በሉ። የልጅ፣ የጎረቤት ወይም የደላላ ትርጉም ብቻ ይዞ መፈረም አይመከርም።

አራተኛ፣ ውሉ በሁለት ቋንቋ የተዘጋጀ ከሆነ ልዩነት ቢፈጠር የትኛው ቅጂ እንደሚጸና የሚገልጸውን አንቀጽ ፈልጉ። የፌዴራል ሕጎች በነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ሲታተሙ ልዩነት ቢኖር የሚጸናው አማርኛው መሆኑ በአዋጅ ቁጥር 3/1987 ተደንግጓል። የግል ውል ግን ተዋዋዮቹ በተስማሙበት ይመራል፤ እንግሊዝኛው እንዲጸና ተስማምታችሁ ከፈረማችሁ በአማርኛው «እስከ» ላይ መመካት አይቻልም።

አምስተኛ፣ ደብዳቤ ስትቀበሉ የተቀበላችሁበትን ቀን ከፊርማችሁ ጋር ጻፉ። ስታስገቡም ቀንና ማኅተም ያለበት ቅጂ በእጃችሁ አስቀሩ። ክርክር ቢነሣ ቆጠራው ከየት እንደጀመረ የሚያስረዳላችሁ ይህ ነው።

9. ተደጋግመው የሚነሡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ ማስታወቂያው «ፍሮም መንደይ ቱ ፍራይደይ» ይላል። ዓርብ ብመጣ አገልግሎት አገኛለሁ?
መልስ፦ አዎ። ይህ ሐረግ በተለመደው አጠቃቀም ሰኞንም ዓርብንም ጨምሮ ነው። «ቢትዊን» ሲባል ግን ጫፎቹ መቆጠራቸው ግልጽ ስላልሆነ ቀደም ብሎ መምጣት ይሻላል።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ ስጽፍ የቱን ልጠቀም?
መልስ፦ የመጨረሻ የሥራ ቀናችሁን በስሙ ጥቀሱ። «የመጨረሻ የሥራ ቀኔ ሐምሌ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው» የሚል አረፍተ ነገር ከየትኛውም መስተዋድድ ይበልጥ ግልጽ ነው። ደብዳቤውን በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ መጻፍም ትችላላችሁ።

ጥያቄ፦ «ባይ» ሁልጊዜ ጊዜን ያመለክታል?
መልስ፦ አይደለም። «ሳይንድ ባይ» ሲባል «በ... የተፈረመ»፣ «ባይ ባንክ ትራንስፈር» ሲባል «በባንክ በማስተላለፍ» ማለት ነው። የጊዜ ትርጉም የሚኖረው ከቀን፣ ከሰዓት ወይም ከወር ፊት ሲመጣ ነው።

ጥያቄ፦ ጊዜው ሊያልፍብኝ ሁለት ቀን ቀርቶኛል፤ ሐረጉ ግን አልገባኝም። ምን ላድርግ?
መልስ፦ ትርጉሙ እስኪጣራ አትጠብቁ። በጣም አጭር በሆነው አቆጣጠር ቆጥራችሁ በዚያ ቀን ፈጽሙ። ቀድሞ የገባ ማመልከቻ እምብዛም አይጎዳም፤ የዘገየ ግን ላይታይ ይችላል። ጉዳዩ በሥራ ላይ መቆየትን የሚመለከት ከሆነ ግን በረጅሙ ቆጥራችሁ ሥራችሁ ላይ ቆዩ፤ ማብራሪያም በጽሑፍ ጠይቁ።

ማሳሰቢያ

የሥራ ውላቸው፣ የስንብት ደብዳቤያቸው ወይም የውጭ አገር የሥራ ስምሪት ሰነዳቸው ያልገባቸው የአዳማና የአካባቢው ነዋሪዎች ሰነዱን ይዘው በየከተማቸው ወደሚገኘው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት በመቅረብ ማብራሪያ መጠየቅ ይችላሉ። ሲመጡ ዋናውን ሰነድ፣ ቅጂውንና የተቀበሉበትን ቀን የሚያሳይ ማስረጃ ይዘው ቢቀርቡ ጉዳያቸው በቶሎ ይታያል። ይህ ጽሑፍ ለጠቅላላ ግንዛቤ የቀረበ ሲሆን ወደ ክርክር የደረሰ ጉዳይ ያለው ሰው የይርጋው ጊዜ ሳያልፍበት የሕግ ባለሙያ እንዲያማክር ይመከራል።